ግማሽ ኪኒን

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የጋሩማን ወፍጮ ቤት ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። መጀመሪያ ሞተሩ ይሰማል፤ ቀጥሎ ከሞተሩ በላይ የሚጮኸው ጋሩማ ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ስለሆነ በሹክሹክታ ማውራት አይችልበትም። ለጋሩማ ምስጢር የነገረ ሰው በቆሎውን አስፈጭቶ ሳይወጣ ምስጢሩ ጎረቤት ከተማ ዲጋ ይደርሳል ይባላል። ሐሜት ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ለማለትም ይቸግራል።

ሌላው የሚታወቅበት ነገር ብቻውን አለመብላቱ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና ምሳ ዕቃውን ከፍቶ በሩ ላይ ይቆማል። "ኮታ ኛና! ኑ እንብላ!" እያለ ይጣራል። እህል ሊያስፈጭ የመጣም ይሁን ጆንያ የሚሸከም፣ በመንገዱ የሚያልፍም ይሁን፣ ከዚያ ምሳ ዕቃ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ አይሄድም። ሚስቱ ሩት ይህን ስለምታውቅ ለአንድ ሰው ምሳ ቋጥራ አታውቅም። ለሳል የታዘዘለትን ሽሮፕ ሲጠጣ እንኳ ማንኪያውን ከፍ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ሰው "እንብላ" ይለዋል። ምላሱ የለመደው ነው።

ጥፋቱ የእናቱ ነው። አዴ ወርቂቱ ዲጋ ላይ ልጆቿን ያሳደገችው በአንድ ሕግ ነበር፤ "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" የምትለዋ ሕግ። እዚያ ቤት አንድ እንቁላል ለሦስት ወንድ ልጆች ይከፈላል። ትልቁ ይቆርጣል፣ ትንሹ መጀመሪያ ያነሳል፤ ስለዚህ ትልቁ አስተካክሎ ይቆርጣል። ጋሩማ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ይህ ጠባዩ ብዙ ወዳጅ አፍርቶለታል፤ ሊገድለው ግን ምንም አልቀረውም ነበር።

መጀመሪያ ያወቀው ቀበቶው ነው። ሱሪው እየሰፋ ሲያስቸግረው በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ በሳ። ቀድሞ እንደ ትራስ ያነሳው የነበረውን ጆንያ ሲያነሳ ማለክለክ ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ የረጅም ጊዜ ደንበኛ እትዬ እማዋይሽ፣ አባታቸው ከጎጃም የመጡ፣ አንደበታቸው የማያርፍ ሴትዮ፣ ዓይኑን ትክ ብለው አዩና አገር እስኪሰማ ጮሁ።

"አንተ ልጅ! ዓይንህ እርድ መስሏል! የወፍ በሽታ ይዞሃል። አደራህን መርፌ እንዳትወጋ። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት!"

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ይህን የማያውቅ የለም፤ ከየት እንዳወቀው የሚያውቅ ደግሞ የለም። ጋሩማም መርፌ ፈርቶ ያን ክረምት ሙሉ አርጆ ያለ የባህል ሐኪም ጋ እየተመላለሰ መራራ ቅጠል ሲጠጣ ከረመ። ምሬቱን ሲያስበው እስከ ዛሬ ፊቱ ይጨማደዳል።

ከዚያ የመለሰው ወንድሙ ሙሐመድኑር ነው። ሙሐመድኑር በዲዴሳ ሸለቆ በቆሎና ሰሊጥ የሚያርስ፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ ጋሩማ በጩኸት የማይጨርሰውን እሱ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። የወንድሙን ሁኔታ ሰምቶ መጣ፤ አየው፤ በሩ ላይ እንደቆመ ተናገረ።

"ወላሂ መርፌ ፈርተህ የምትሞት ከሆነ ሱሪህን አስወልቄ እኔው እወጋሃለሁ። ተነስ።"

ተነሳ። ነቀምቴ ያሉት ሐኪሞች አዩትና ወደ አዲስ አበባ ላኩት። እዚያ ዶክተር ሸዋገነት የምትባል የጉበት ሐኪም፣ ፊት ለፊት የምትናገር ሴት፣ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጉበቱ ውስጥ ኖሯል። ድምፅ ሳያሰማ፣ ሳያሳምም፣ ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎታል። አሁን ጠባሳው ላይ ካንሰር በቅሏል።

"ደግነቱ ካንሰሩ ትንሽ ነው፤ ከጉበትህ አልወጣም" አለችው። "ጉበቱን ሙሉ በሙሉ ብንቀይረው ካንሰሩም ጠባሳውም አብረው ይወጣሉ።"

"ጉበት ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይቀየራል እንዴ?" አለ ጋሩማ፣ መላው ኮሪደር እየሰማው።

"ይቀየራል። ጤነኛ ዘመድ ከጉበቱ ግማሹን ይሰጥሃል፤ የሱም ያንተም ተመልሶ ያድጋል። የምትሄደው ግን ሕንድ ነው።"

እጅጌውን ሰብስቦ መጀመሪያ የቀረበው የሥጋ ወንድሙ ደረሳ ነበር። ደረሳ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ዲጋ ላይ ስልክ ይጠግናል። ደሙ ሲታይ ቫይረሱ እሱም ጋ ተገኘ። አዴ ወርቂቱ ተመረመረች፤ እሷም ጋ አለ። ዶክተር ሸዋገነት ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በወሊድ ሰዓት ከእናት ወደ ልጅ እንደሚሻገር ስታስረዳ አሮጊቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ይኼንንም ያካፈልኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው?" አለች።

"እርስዎም ሳያውቁ ነው ከእናትዎ የወሰዱት፣ እማማ። ያኔ ክትባቱ አልነበረም። እዚህ ውስጥ በደለኛ የለም" አለቻት ዶክተሯ። አዴ ወርቂቱ ግን ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። ልጆቿን አንድ ሆድ አድርጋ ማሳደጓ ኩራቷ ነበር፤ አንድ በሽታ ሰጠኋቸው የሚለው አንጀቷን በላው።

"እኔስ?" አለ ከበሩ አጠገብ ሙሐመድኑር።

እዚህ ላይ ሙሐመድኑር እንዴት የወርቂቱ ልጅ እንደሆነ መነገር አለበት። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ዲዴሳ ሸለቆ ከሰፈሩት መካከል አሊ የሚባል ሰው ነበር። ሚስቱን በደረሱ በዓመቱ ወባ ገደለችበት፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ቀረ። የጋሩማ አባት ሞሲሳ በሬ አዋሰው፣ ዘር ሰጠው፤ ወዳጅ ሆኑ። ወዳጅነቱ ሥር ይያዝ ሲባል ሽማግሌ ተሰበሰበና በወለጋ ወግ ሀርመ ሆዳ ተደረገ፤ ጡት መጥባት ማለት ነው። ወርቂቱ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ለልጁ ሰጠችው፣ ልጁ ጠባ፣ ሽማግሌ መረቀ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሙሐመድኑር የአሊም የወርቂቱም ልጅ ነው። ጁምዓውን ይሰግዳል፤ በገና ደግሞ ዲጋ መጥቶ የእናቱን አጥር ያጥራል። እንቁላሉን ለሦስት የሚቆርጠው ትልቁ ልጅም እሱ ነበር።

ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው። ወርቂቱ ስላልወለደችው ቫይረሱ አላገኘውም። የደሙም ዓይነት፣ የጉበቱም መጠን ተስማማ።

ሕንድ ያሉት ሐኪሞች ግን ግራ ገባቸው። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፤ የአንዱ አባት አሊ፣ የሌላው አባት ሞሲሳ፤ ሁለቱም ወንድማማች ነን ብለው ድርቅ አሉ። ጉበቱን ሊሸጥ የመጣ ሰው እንዳይሆን ማጣራት ሕጋቸው ነው። በቪዲዮ ስልክ አዴ ወርቂቱን ጠየቋት።

"ይህን ሰው ወልደውታል?" አላት አስተርጓሚው።

"አልወለድኩትም።"

"ታዲያ እንዴት ልጅዎ ሆነ?"

"አጥብቼዋለሁ።"

"ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር ብለዋል። ወተት ነበረዎት?"

"ማር ነው ያጠባሁት።"

አስተርጓሚው መልሱን ሦስት ጊዜ አገላብጦ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አሮጊቷ ትዕግሥቷ አለቀ።

"ስማኝ ልጄ። ለወለድኳቸው በሽታ ሰጠኋቸው፤ ላልወለድኩት ማር ሰጠሁት። ልጄ የትኛው እንደሆነ እነሱ ይፍረዱ።"

ሰዎቹ ሌላም ሌላም አጣሩ፤ በመጨረሻ ፈቀዱ። ወጪውን ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እድሩም ተረባርበው ሸፈኑት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎን ለጎን ተኝተው ነቁ። ጋሩማ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው ሙሐመድኑር በልቶ እንደሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ተለወጠ። ሙሐመድኑር ወፍጮ ቤቱ ሲመጣ ጋሩማን ሳይሆን ሆዱን እያየ "ጉበቴ እንዴት ዋለ?" ይላል። ጋሩማም "ይበላል፣ ይጠጣል፣ ባለቤቱን ግን አይጠይቅም" ብሎ ይመልሳል። እህል አስፈጪው ሁሉ ይህን ለመስማት ይጠብቃል።

ከሕንድ ሲመለስ ዶክተር ሸዋገነት የነገረችውን ጋሩማ በቃሉ ይዞታል። "ጉበቱ አዲስ ነው፤ ደምህ ግን ያው የድሮው ነው። ቫይረሱ ከሰውነትህ ተጠራርጎ አልወጣም፤ ተኝቷል። ያስተኛችው ይህቺ ኪኒን ናት። ከነቃ አዲሱንም ጉበት እንደ አሮጌው ያደርገዋል፤ ካንሰሩም መመለሻ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ዕድሜህን ሙሉ፣ በየማታው አንድ።" ሰውነቱ የወንድሙን ጉበት እንደ ባዳ እንዳይገፋው የሚያደርግ ሌላ መድኃኒትም ነበረው። ሁሉንም ይወስዳል። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት እንኳ ቀድሞ አስመጥቶ ያስቀምጥ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ ቀበቶው ላይ በሚስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ሥራ ፈቱ።

ከዚያ ደረሳ ፍቅር ያዘው።

ልጅቷ ሊሊሴ ትባላለች፤ ዲጋ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሽማግሌ ሊላክ ቀን ተቆርጧል። ደረሳ ግን ቫይረሱ እንዳለበት ካወቀ ጀምሮ ክትትል አድርግ ሲባል ነገ፣ ነገ እያለ ቆይቷል። ምንም አላመመውም፤ ያላመመው ሰው ደግሞ ወረፋ አይይዝም። አሁን ግን ሊያገባ ነውና ፍርሃት ገባው። አንድ ከሰዓት ወፍጮ ቤቱ መጣ፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀ።

"ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ያቺ ኪኒንህ... ለኔም ትሆናለች አይደል?"

"ትሆናለች እንጂ። ሂድና ሆስፒታል ጀምር።"

"ዲጋን ታውቀዋለህ። የሆስፒታሉ መድኃኒት መስጫ መስኮት ጋ ቆሜ አንድ ሰው ካየኝ ለሊሊሴ ቤተሰብ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል። የወፍ በሽታ ላለበት ሰው ልጃችንን አንሰጥም ቢሉስ? ሠርጉ ይለፍ፣ ከዚያ እጀምራለሁ። እስከዚያ ድረስ ብቻ..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ጋሩማ የታናሽ ወንድሙን ፊት አየ፤ እንቁላሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ ያነሳ የነበረውን ልጅ ፊት። ከመደርደሪያው ምላጭ አወረደ፣ ኪኒኗን ቆጣሪው ሥር ያለው ሣንቃ ላይ አስቀመጠና ለሁለት ከፈላት። አስተካክሎ ነው የከፈላት።

"ኮታ ኛና" አለው፤ ግማሿን ዘረጋለት። ሁለቱም ሳቁ፣ ሁለቱም ዋጡ።

ከዚያ ወዲህ ደረሳ የሥራ ዕቃ ሊገዛ ነቀምቴ በመጣ ቁጥር የሳምንቱን ግማሾች በወረቀት ጠቅልሎ ይወስዳል። ሽማግሌው ተላከ፤ የልጅቷ አባት እሺ አሉ፤ የሠርጉ ቀን ግን በአንድ የቤተሰብ ሐዘን ምክንያት ተገፋ፣ እንደገና ተገፋ። ግማሿ ኪኒንም አብራ ተራዘመች።

ጋሩማ ሞኝ ሆኖ አይደለም። ግማሽ ዳቦ ግማሽ ሆድ ይሞላል፤ ግማሽ ኪኒንም ሁለት ሰው ግማሽ በግማሽ ታቆያለች ብሎ ነው ያሰበው። በእሱ ቤት የተካፈሉት ነገር ጎድሎ አያውቅም። እንዲያውም ያን ሰሞን ደስተኛ ነበር፤ ከተቀየረለት ጉበት ጋር ከመጣው ዕዳ ትንሽ የመለሰ መሰለው።

ለመደበኛው ምርመራ አዲስ አበባ ሲሄድ እንደ ሁልጊዜው ሙሐመድኑር አብሮት ነበር። ዶክተር ሸዋገነት ውጤቱን ይዛ ስትገባ ፊቷ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም።

"ኪኒኗን ያቋረጥክበት ጊዜ አለ?"

"አንድ ማታ እንኳ አላመለጠኝም" አለ ጋሩማ። እውነቱን ነው።

"ቫይረሱ ነቅቷል፣ ጋሩማ። ምስሉ ላይ ደግሞ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። መልኩም የደምህም ምርመራ ካንሰሩ መመለሱን ነው የሚነግሩኝ።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "መድኃኒቱን በደንብ በሚወስድ ሰው ላይ ቫይረሱ እንዲህ አይነሳም። እስቲ እንዴት እንደምትወስዳት ንገረኝ።"

"ማታ፣ ራት ስበላ፣ በውሃ፣ ግማሿን።"

"ግማሿን?"

"ግማሿ የወንድሜ ናት" አለ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሁለቱን ፊት ያየው።

የሙሐመድኑር ወንበር ተንቋቋ። ተነስቶ ወጣ።

"ካንሰሩ በዚህ ብቻ ነው የተመለሰው ብዬ አልፈርድብህም" አለች ዶክተሯ። "ዘሩ ከመጀመሪያው የሆነ ቦታ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ግን ቫይረሱ ሲነቃ መሬቱን አልምቶለታል። ወንድምህም ቢሆን በግማሿ አልተጠቀመም፤ አንድ ሙሉ መድኃኒት ለሁለት ሰው ባዶ አደረጋችሁት።"

"እሞታለሁ?" አለ ጋሩማ።

"የመጣኸው ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ዕጢው አንድ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሌላ ቦታ አልታየም። በቀጭን መርፌ ገብተን እናቃጥለዋለን። እኔ ከላይ እያቃጠልኩ አንተ ከሥር የምትቀልበው ከሆነ ግን አብረን ከንቱ ደከምን።"

ሙሐመድኑርን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘው። ጋሩማ አጠገቡ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ጀመረ።

"አንተ ጉበትህን ለሁለት ከፍለህ ሰጠኸኝ። እኔ ለወንድማችን አንዲት ኪኒን ለሁለት ብከፍል ጥፋቴ ምንድን ነው?"

 ሙሐመድኑር ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

"ጉበት ተቆርጦ ይበቅላል፣ ጋሩማ። ኪኒን ይበቅላል?"

የጋሩማ እጅ ወደ ሆዱ ሄደ።

"እኔ የሰጠሁህ እንድትኖርበት ነው። ለደረሳ የሚሆን መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ አለ፤ ደረሳ የጎደለው ድፍረት ነው። ድፍረት ደግሞ በምላጭ ተከፍሎ አይሰጥም።"

ያኔ የጋሩማ ድምፅ ዝቅ አለ። ወፍጮ ቤት ከገባ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ያለበት ጊዜ ስለመኖሩ የሚያስታውስ የለም።

"ጉበትህን በደልኩት" አለና አለቀሰ። የፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም። ወንድሙ ሆዱን ተቀዶ የሰጠውን ነገር ሳይጠብቀው መቅረቱ ከሞቱ በላይ አሳፈረው።

ሙሐመድኑር ትከሻውን ያዘው። "አብሽር። እኔም አለሁ፤ ጉበቴም ገና አለ። ሴትዮዋ የምትልህን አድርግ፤ ሌላውን ለኔ ተወው።"

ዕጢው በመርፌ ተቃጠለ። ጋሩማ ሙሉዋን ኪኒን ከዚያችው ማታ ጀመረ። ነቀምቴ ሲመለስ እትዬ እማዋይሽ በር ላይ ጠብቀው መርፌ መወጋቱን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"እትዬ፣ ያሉት አልቀረም" አላቸው ጋሩማ፤ ድምፁ ተመልሶለት ነበር። "መርፌው ገድሏል። የሞተው ግን ዕጢው ነው።"

ሴትዮዋ ተቆጥተው ዱቄታቸውን ይዘው ሄዱ። በማግስቱ ግን የልጃቸውን ልጅ ለምርመራ የት እንደሚወስዱት ሊጠይቁ ተመለሱ።

ሙሐመድኑር ከአዲስ አበባ ሲመለስ ወደ እርሻው አልሄደም፤ በቀጥታ ዲጋ ወረደ። ደረሳን ከስልክ መጠገኛው ጠርቶ እናታቸው ፊት አስቀመጠው። አልጮኸበትም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። አንተ ግን ደብቀህ የሰው መድኃኒት አገኘህ። የጋሩማ ካንሰር ተመልሷል።"

ደረሳ ይህን አልሰማም ነበር። ጋሩማ እንዳይነገረው ለምኖ ነበር፤ ሙሐመድኑር ግን በዚህ ልመና አልተስማማም። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። አዴ ወርቂቱ አንዱን ልጇን እያየች ሌላኛውን እያሰበች ቆየች፤ ከዚያ "ተነስ፣ መጀመሪያ ለልጅቷ ንገራት። ከኔ ቤት ተደብቆ የሚወጣ በሽታ እዚህ ያብቃ" አለችው።

ሄደ። ሊሊሴን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኛትና ሁሉንም ነገራት፤ ቫይረሱን፣ ፍርሃቱን፣ ግማሿን ኪኒን። እስኪጨርስ ሰማችው።

"ይኼው ነው?" አለችው። "ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ ስትለኝ ሌላ ሴት መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!" ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ክትባት አለው፤ እከተባለሁ። ስንወልድም ልጁ እንደተወለደ ይከተባል፤ የእህቴን ልጅ እኔው ነኝ ያስከተብኩት። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ለኔ ብለህ የወንድምህን መድኃኒት በላህ? ሁለተኛ በኔ ስም እንዳትፈራ።"

አባቷ ሲነገራቸው አጉረመረሙ፤ ሊሊሴ ግን ደረሳን በክንዱ ይዛ ራሷ ሆስፒታል ወሰደችው። ያ የፈራው መስኮት ጋ ሁለቱ አብረው ቆሙ። ከዲጋ የሚያውቋቸው ሰዎችም እዚያው ወረፋ ላይ አገኟቸው፤ ለካ እነሱም ለዚያው ጉዳይ ኖሯል የመጡት። ሊሊሴ ነጻ ሆና ተከተበች። ደረሳም ተመርምሮ በራሱ ስም የራሱን ኪኒን ጀመረ። አዴ ወርቂቱ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልጋት፣ ክትትል ብቻ እንደሚበቃት ተነገራት።

ሠርጉ አለፈ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ጋሩማና ሙሐመድኑር ለምርመራ ሄዱ። ቫይረሱ ተመልሶ ተኝቷል። የተቃጠለው ቦታ ጠባሳ ብቻ ሆኗል፤ አዲስ ነገር አልታየም። ዶክተር ሸዋገነት "አለቀ" አላለችም፤ ይህ በሽታ አለቀ የማይባል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። "እየመጣህ ታሳየኛለህ፤ ከመጣብንም ቀድመን እናገኘዋለን" አለችው። ጋሩማ ከዚህ የተሻለ ዜና አልጠበቀም። መርካቶ ወርዶ ለወፍጮው አዲስ ቺንጋ ገዛ፤ ሊሞት የተዘጋጀ ሰው ያን የመሰለ ጠንካራ ቺንጋ አይገዛም።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሁሉም ዲጋ፣ አዴ ወርቂቱ ቤት ተሰበሰቡ። ሩት ቅቤ የጠገበ አንጮቴ፣ የወለጋን ሥራሥር፣ ይዛ መጣች፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ጥያቄ የሚቀርብበት ምግብ ነው። አንድ ትልቅ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። ሙሐመድኑር "ጉበቴ እንዴት ዋለ?" አለ፤ ጋሩማ "ዛሬ አንጮቴ አምሮታል፣ ባለቤቱ እጁን ይሰብስብ" አለው፤ ሊሊሴ ሳቀች። አሮጊቷ እየዞረች ታጎርሳለች።

ራቱ ሲጋመስ የጋሩማ ስልክ ጮኸ። የኪኒኗ ሰዓት ነው። ከደረት ኪሱ አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋት። እጁን ወደ አፉ ሲያነሳ ቤቱን ሁሉ ዞር ብሎ አየ፤ ምላሱም እንደለመደው ቀደመው።

"ኮታ ኛና፣ እንብላ!"

ሳቁ ቆመ። ደረሳ አንገቱን ደፋ። ሙሐመድኑር ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ጋሩማም ምን እንዳለ ሲገባው እጁ ደረቱ ጋ ቆመ።

አዴ ወርቂቱ ተነሳች። ትሪውን ዞራ መጥታ አጠገቡ በርከክ አለች፤ ያንን መዳፍ በሁለት እጇ ያዘችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብዬ አሳደግኋችሁ" አለች። "አልዋሸሁም፤ ነገም እለዋለሁ። ይቺን ግን ብቻህን ብላት፣ ኢልመኮ፣ ልጄ። ብቻችንን እንዳንቀር።"

ጋሩማ ውሃውን አነሳና ዋጣት። ሙሉዋን።